ያቃጠልነውን ካሎሪ መልሰን እንብላው?

ከጂም ወጥቶ በቀጥታ ጁስ ቤት የሚገባ ሰው አታጡም። ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ። ሰዓቱ 400 ካሎሪ አቃጥለሃል ብሎታል፣ አፑም ወዲያው የዕለቱን ገደብ በ400 ከፍ አድርጎለታል። ስለዚህ አቮካዶና ማንጎ የተነባበረበትን ስፕሪስ፣ ስኳር ተጨምሮበት፣ «ሠርቼበታለሁ» እያለ ይጠጣል። ከሁለት ወር በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ እዚያው ነው። «የኔ ሰውነት በቃ አይቀንስም» የሚለው ንግግር የሚመጣው ይሄኔ ነው።

ኪሎ የሚቀንስ ሰው በስፖርት ያቃጠለውን መልሶ መብላት አለበት ወይ? የኔ መልስ፣ አብዛኞቻችን የለብንም፣ ጥቂቶቻችን ግን የግድ አለብን የሚል ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ሂሳቡ ላይ ነው። የአገር ጠቅላላ ምርት ሲሰላ የስንዴውን፣ የዱቄቱንና የዳቦውን ዋጋ አንድ ላይ አንደምርም፤ ስንዴው ዳቦው ውስጥ አለና። ይሄን ድርብ ቆጠራ አንደኛ ዓመት ላይ እንድንጠነቀቀው ተምረናል። ስልካችን ላይ ግን በየቀኑ እንሠራዋለን።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመደበኛ ፍጥነት አንድ ሰዓት ቢራመድ 245 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ቁጥሩ ግን ያልተጣራ ነው። ያንኑ ሰዓት ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ቲክቶክ ቢያይም ሰውነቱ ለልቡ፣ ለአንጎሉና ለሙቀቱ 70 ካሎሪ አካባቢ ማውጣቱ አይቀርም። ያ 70 ደግሞ ቀድሞ በዕለቱ ገደብ ውስጥ ተቆጥሯል። ከጉዞው የሚገኘው የተጣራ ትርፍ እንግዲህ 175 ነው። በዚህ ላይ አፑን መጀመሪያ ስትከፍቱ «ምን ያህል ትንቀሳቀሳለህ?» ሲላችሁ «በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን ስፖርት እሠራለሁ» የሚለውን ነክታችሁ ከሆነ፣ ስፖርታችሁ ከመነሻው ተከፍሎበታል። ሰዓቱ ማታ የሚጨምርላችሁ ሁለተኛ ደመወዝ ነው።

እሺ፣ ድርብ ቆጠራውን አስወገድን እንበል። ቁጥሩ ራሱስ ይታመናል? በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ላይ የሚታሰሩ 7 መሣሪያዎችን ፈትሸው ነበር። የልብ ምት ላይ 6ቱ ጎበዝ ናቸው፣ ስህተታቸው ከ5 በመቶ በታች ነበር። ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉም የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ይስት ነበር፤ የመጨረሻው 93 በመቶ። የልብ ምቱን በትክክል ስላነበበ ካሎሪውንም ያውቃል ብለን እናምነዋለን እንጂ ካሎሪው ግምት ነው።

የወጪው ዓምድ እንዲህ ከሆነ የገቢው የባሰ ነው፣ በተለይ እኛ ቤት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሽሮው ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደገባ የምታውቀው ያበሰለችው ብቻ ናት፣ እሷም ለክታ አይደለም። አንድ ትሪ ላይ ለአራት ቀርበን የማን ድርሻ የት እንዳበቃ ማን ያውቃል? (ጉርሻን ደግሞ በየትኛው ዓምድ ልናስገባው ነው?) ከላይ ያልኩት የአንድ ሰዓት ጉዞ ትርፍ ከአንድ ማንኪያ ተኩል ዘይት አይበልጥም። ወጡ ላይ ሳናየው ያለፈው ዘይት ብቻውን ይበላዋል።

ከሂሳቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጠባያችን ነው። በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ታለር፣ ሰው ገንዘቡን በጭንቅላቱ በተለያየ ኪስ እንደሚያስቀምጥ አሳይቷል። የደመወዝ ብር ሲወጣ ያመናል፤ ድንገት የመጣ ቦነስ ግን ቶሎ ይሄዳል፣ ብሩ ያው ብር ሆኖ ሳለ። እቁብ የደረሰው ሰው ያን ሳምንት እንዴት እንደሚሆን አይታችኋል። ሰዓቱ «የሰጠን» ካሎሪም የቦነስ ኪስ ውስጥ ነው የሚገባው። በምሳ ሰዓት ለአንድ ቁራሽ እንጀራ የሚሳሳ ሰው ማታ ኬክ ሲሆን እጁ ይፈታል።

ሰውነትም ቢሆን ዝም ብሎ ከፋይ አይደለም። ኸርማን ፖንትዘር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2012 ያወጡት ጥናት በሰሜን ታንዛኒያ የሚኖሩትን፣ እያደኑና ሥራሥር እየቆፈሩ የሚበሉትን ሀድዛዎች ለክቷል። ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀሱ የሚውሉት እነዚህ ሰዎች፣ የሰውነት ግዝፈት ከግምት ሲገባ፣ በቀን የሚያወጡት ኃይል ከምዕራባውያኑ ብዙም አልተለየም። ሰውነት እዚህ ሲያወጣ እዚያ ይቆጥባል የሚል ማብራሪያ ተሰጥቶታል። ምን ያህል እንደሚቆጥብ ላይ ሳይንቲስቶቹ ይከራከራሉ። ለኔ ግን 400 ስላቃጠልኩ 400 ይገባኛል የሚለውን የዋህ ስሌት ለመጠርጠር በቂ ነው።

ስለዚህ አንድ መዝገብ ምረጡ። ወይ ስፖርቱን ገደባችሁ ውስጥ አስገቡና የሰዓቱን ካሎሪ እርሱት፤ ወይ ገደቡን «ቁጭ ብዬ ነው የምውለው» በሚለው አውጡና ሰዓቱ ካለው ግማሹን ብቻ ብሉ። ግማሽ ስል ቅዱስ ቁጥር ሆኖ አይደለም፣ ስህተቱን ለመቻል ነው። ጠዋት ጠዋት ተመዝናችሁ የሳምንቱን አማካይ ለሦስት ሳምንት ተከታተሉ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ እየወረደ ከሆነ ሰዓቱ የፈለገውን ይበል።

የግድ መልሰው መብላት ያለባቸው ያልኳቸው ግን አሉ፣ እነሱ ከላይ ያልኩትን ለራሳቸው እንዳይወስዱት እሰጋለሁ። በቀን 1,200 ካሎሪ ብቻ እየበላች 10 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ 60 ኪሎ የምትመዝን ልጅ አስቡ። ሩጫው 600 ያህሉን ይወስደዋል። ለቀረው ቀን፣ ለልቧም፣ ለአንጎሏም፣ ለአጥንቷም 600 ተረፈ። ጾም ሆኖ እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንጦጦ ላይ ስትሮጥ ኢንስታግራም «ጀግና» ይላታል። የስፖርት ሐኪሞች ግን ይሄን ዓይነቱን የኃይል ጉድለት በስም ያውቁታል፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2014 መግለጫ አውጥቶበታል። የወር አበባ ይዛባል ወይ ይቀራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ጉዳት ይደጋገማል፣ ብርድ ብርድ ይላል። ወንዶችንም ይነካል። እሷ የሮጠችውን በሙሉ ትብላ፣ ቢቻል ከዚያም በላይ። የወር አበባዋ ከቀረ ደግሞ አፑን ዘግታ ሐኪም ጋ ትሂድ።