አናጢነትን የት ልማር?

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ሥር፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት ቁልቁለት ላይ የምትገኝ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባት ነበር። እስቲ ከእናንተ መካከል አንዱ ተወልዶ ያደገው በዚህች ከተማ ነው እንበል። አሥረኛ ክፍልን ሊፈጽም ተቃርቧል፤ ቤት የሚያዋቅር አናጢ ለመሆንም ቆርጧል። ሁለት መንገድ ይታየዋል። አንደኛው ወደ ደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ ማሽን ባለበት አዳራሽ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት መያዝ ነው። ሁለተኛው በከተማዋና በዙሪያዋ ቤት ለሚሠራ አናጢ ተለማማጅ መሆን ነው። የትኛውን ይምረጥ?

እኔ በበኩሌ ከአዳራሹ ስፋትና ከማሽኑ ብዛት በፊት አንድ ነገር ሊጠየቅ ይገባል እላለሁ፤ ይኸውም «ሠልጣኞቹ በገዛ እጃቸው ያቆሙት ቤት የት ነው?» የሚለው ነው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጣውላ ማጋጠም ጠቃሚ ትምህርት ነው፤ ይሁን እንጂ ቤት ከዚህ ይለያል። ቋሚው በቱንቢ ተለክቶ ካልተተከለ ስሕተቱ በዕለቱ አይታይም። ማገሩ ተመትቶ፣ ወራጁ ወጥቶ፣ ቆርቆሮው ከተጫነ በኋላ ነፋስ ሲገፋው ነው የሚጋለጠው። ይህንም የሚያውቀው ከጉድጓዱ ቁፋሮ እስከ ክዳኑ ድረስ ከሥራው ያልተለየ ሰው ነው።

የእንጨቱም ነገር እንዲሁ ነው። ቀደምት አባቶቻችን ለምሰሶ ጥድንና ወይራን ይመርጡ ነበር፤ ሁለቱም ምስጥን ይቋቋማሉና። ዛሬ ግን ጥዱ እንደ ወፍ ዋሻ ባሉ ደኖች የሚጠበቅ ሀብት ሆኗል፤ በገበያ በብዛት የሚገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። አጣናው እርጥብ እያለ ቢመታ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ መሬት ውስጥ የገባው ጫፉም የምስጥ ቀለብ ይሆናል። ስለዚህ እንጨትን በጥላ ማድረቅን፣ የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት መለብለብን ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባትን፣ ከሁሉም ይልቅ ቋሚውን በድንጋይ መሠረት ላይ ከመሬት አንሥቶ ማቆምን የማያስተምር ሥልጠና ለአሊዩ አምባው ወጣት ግማሽ ትምህርት ነው።

በጃፓን አገር ኢሴ የሚባለው ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት እንደገና ይሠራል፤ የመጨረሻው በ2006 ዓ.ም. ተፈጽሟል። ወጣቱ አናጢ ከአረጋዊው ጎን ቆሞ የሚማረው ያኔ ነው።

«የምስክር ወረቀት ከሌለው ማን ይቀጥረዋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአገራችን የሙያ ብቃት ምዘና በተቋም ለሠለጠኑት ብቻ ሳይሆን ሙያውን በሥራ ላይ ለቀሰሙትም ክፍት ነው። ወረቀቱን ከእጅ ሙያ በኋላ ማግኘት ይቻላል፤ የባከነውን ዓመትና የወላጅን ገንዘብ ግን ማስመለስ አይቻልም።

እንዲህ ስል አናጢ ሁሉ መምህር ነው ማለቴ አይደለም። በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪዬ በአንድ አናጢ ዘንድ ሦስት ወር ሙሉ ጭቃ ሲያቦካና ውሃ ሲቀዳ ሰንብቶ፣ መጋዝ ሳይጨብጥ ተመልሷል። ስለሆነም ወጣቱ ከመወሰኑ በፊት ባለሙያው ከአምስት ዓመት በፊት የሠራውን ቤት ሄዶ ይመልከት፤ የቋሚዎቹን ግርጌ ይመርምር፤ ቀና ብሎም ጣሪያውን ይቃኝ። ከዚያም ጥያቄውን ለአናጢው ሳይሆን ለተለማማጁ ያቅርብ፦ «መሮውን የጨበጥኸው በስንተኛው ወር ነው?»