ከ55ቱ ቀን በኋላ ብቻውን የተውነው ወንድም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ እያየነው ምክንያቱን ጠይቀን የማናውቀውን አንድ ነገር ላንሣ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሲጋራ የሚያቆሙ ብዙ ወንድሞች አሉ። 55ቱን ቀን ሳያጨሱ ይዘልቃሉ። የትንሣኤ ሌሊት ተቀድሶ፣ ጾሙ ተፈትቶ ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ግን ያው ወንድም ሲጋራ ይዞ ይታያል። እኛም «ቀድሞም አልቆረጠም ነበር» ብለን ፈርደን እናልፋለን።

ይህ ፍርድ ሐሰት ነው። ያ ሰው ቁርጥ ፈቃድ ባይኖረው ኖሮ 55 ቀን ባልቆየ ነበር። በጾሙ ወራት የጸናው ብቻውን ስላልነበረ ነው። አብሮት የሚጾም ቤተሰብ፣ አብሮት የሚሰግድ ምእመን፣ ቀኑን የሚመራለት ጸሎትና ቅዳሴ ነበረው። በዓለ ሃምሳ ሲገባ ስግደቱ ይቆማል፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም፤ በየቤቱ ግብዣና መጠጥ ይበዛል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ወቅት የደስታ ወቅት አድርጋ መስጠቷ ነቀፋ የለበትም። ነቀፋው የእኛ ነው። ደስታችንን ይዘን በየቤታችን ስንገባ፣ ከሱስ ጋር የሚታገለውን ወንድማችንን በትግሉ መካከል ትተነው ሄደናል።

ይህን የምጽፈው ከማንም በልጬ አይደለም። በግቢ ጉባኤ አብሮኝ የሚያገለግል አንድ ወንድም ባለፈው ዐቢይ ጾም ሲጋራ አቁሞ ነበር። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ምሽት ወደ ክፍሌ መጥቶ «ዲያቆን፣ ጥቂት ወጣ ብለን እንመለስ» አለኝ። ፈተና ደርሶብኝ ስለነበር ዐይኔን ከደብተሬ ሳላነሣ «ነገ ይሁን» አልሁት። በማግስቱ በመዝሙር ጥናት ከጎኔ ሲቀመጥ የሲጋራው ጠረን ሸተተኝ። እኔም ወንበሬን ራቅ አደረግሁ። አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ወደ ጉባኤው አልመጣም። ያን ምሽት የጠየቀኝ ገንዘብ አልነበረም፤ ስብከትም አልነበረም። የጠየቀኝ ጥቂት ደቂቃ ነበር።

ይህችን ጥቂት ደቂቃ አንናቃት። ኒኮቲን ከጢሱ ጋር ገብቶ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ይለምደዋል። ሰው ሲያቆም ብስጭት፣ የእንቅልፍ እጦትና የሐሳብ መበተን ይከተሉታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት እጅግ ከባድ ናቸው። ከዚያም በኋላ ቡና ሲጠጣ፣ ሲናደድ፣ የሚያጨስ ወዳጁን ሲያይ ጥማቱ ድንገት ይቀሰቀስበታል። ነገር ግን ብርቱው ጥማት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። እንግዲህ ከአንተ የሚፈለገው ያ ሰዓት እስኪያልፍ ስልኩን ማንሣት፣ አብሮት ጥቂት መራመድ፣ ማውጋት ነው። ሲጋራው በየመንገዱ ዳር በፍሬ እየተሸጠ ቅርቡ ሳለ፣ ወንድሙ የሆንህ አንተ ለምን ትርቀዋለህ?

«እንዲህ ማድረግ ኃጢአቱን ማቅለል ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነርሱም መካከል ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ጢስ የተነፈሱ ይገኛሉ። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ስለሆነ ማጨስን መልካም ነው አንልም። ነገር ግን ደዌውን መጥላትና ድውዩን መሸሽ የተለያዩ ናቸው።

«እምነት ቢኖረው ይተወው ነበር» የሚለውም በቅፍርናሆም የሆነውን ያስብ። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው፣ የቤቱን ጣራ ነድለው በጌታ ፊት አወረዱት። ጌታችንም የተሸካሚዎቹን እምነት እንደተመለከተ ቅዱስ ማርቆስ ጽፎልናል። በራሱ እግር መምጣት ያልቻለውን ሰው «እምነት ቢኖርህ በእግርህ ትመጣ ነበር» ያለው ማንም አልነበረም።

«ንስሐ አባት አለው፤ ጠበልም አለ፤ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው?» ትለኝ ይሆናል። ጌታችን አልዓዛርን ከመቃብር የጠራው በአምላካዊ ቃሉ ነው፤ መግነዙን እንዲፈቱለት ግን በዙሪያው የቆሙትን አዘዘ። ማዳን የእርሱ ነው፤ መግነዙን መፍታት የእኛ ድርሻ ነው። ሐኪም ማማከርም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥንና ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌሊት በስድስት ሰዓት የጨነቀውን ሰው ስልክ የሚያነሣ ሕግ የለም።

አንተም ለማቆም የቆረጥህ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ትግላችሁን አትሸሽጉ። ለንስሐ አባታችሁ ተናገሩ፤ ከወዳጆቻችሁ መካከልም ምሥጢር ጠባቂ የሆነ አንድ ሰው መርጣችሁ «ሲከብደኝ እደውልልሃለሁ» በሉት። ብትወድቁም በዚያው ቀን ንገሩት። አንድ ሲጋራ ማጨስ ያለፈውን ድካም ሁሉ አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ኀፍረት ይዟችሁ ከሰው ስትሸሹ ነው።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ። እያንዳንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል በበዓለ ሃምሳ አንድ ወንድሙን በየማታው «እንዴት ዋልህ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይከብደዋል? ከመካከላችን አንዱ የሲጋራ ጠረን ይዞ ቢመጣስ፣ ወንበራችንን ከማራቅ ይልቅ ብናስጠጋለት ምን እናጣለን?

ያን ወንድሜን ዘግይቼም ቢሆን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ያን ቀን ብትወጣ ኖሮ አላጨስም ነበር ልልህ አልችልም፤ ብቻዬን ግን አልሆንም ነበር» አለኝ። ዛሬ እንደገና ጀምሯል። ሲደውልልኝ ፈተና ቢኖርብኝም ደብተሬን አጥፌ እወጣለሁ።

አምላካችን እርስ በርሳችን የምንደጋገፍበትን ልቡና ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክብር።