ጀልባ ለፈሪው ይመረጣል

እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ ኪሴ አልተሻለውም። ጾሙ ሳይፈታ የሠርግ ካርድ መታደል ጀምሯላ! እኛ ሰፈር፣ ሩዋንዳ፣ ካፌ ገብታችሁ ቁጭ ካላችሁ ከአራት ጠረጴዛ በሦስቱ የሚወራው ስለ ሚዜ፣ ስለ ቬሎና ስለ ጫጉላ ነው። ድሮ ሙሽራ ጫጉላ ቤት ይገባ ነበር። የዘንድሮ ሙሽራ ግን ቤት አይበቃውም፤ ጀልባ ላይ መውጣት አለበት። ፀጉር በነፋስ እየተበተነ፣ ውኃው ከኋላ እየተሰነጠቀ... ፎቶው ያምራላ!

ታዲያ ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን ልጅ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦

«ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። እጮኛዬ ለጫጉላችን የጀልባ ሽርሽር ካልሄድን ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። አንዴ ጣና ይላል፣ አንዴ ጫሞ፣ አንዴ ቢሾፍቱ። ታንኳ ይሻላል፣ ሞተር ጀልባ ይሻላል፣ ትልቁ ይሻላል እያለ በየቀኑ ፎቶ ይልክልኛል። አንተ የትኛውን ትመክረኛለህ? በተለይ የማይወዛወዘው፣ ከውኃው ራቅ የሚለው የትኛው ነው?»

እስከዚህ ድረስ ቀላል ጥያቄ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ አለች፦ «የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜን የክረምት ወንዝ ወሰደብን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ውኃ ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ለእጮኛዬ ወንድሜ በሕመም ነው የሞተው ብዬዋለሁ። አሁን ምን ብዬ ልንገረው? ደስታውን ከማበላሽበት ጥርሴን ነክሼ ብሄድ አይሻልም?»

እህቴ፣ መልሴን ለሁለት እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ጀልባው፣ ቀጥሎ ስለ ጥርሱ።

መቼም እኛ የሩዋንዳ ልጆች ጀልባ እናውቃለን ብንል ውሸት ነው። እኛ የምናውቀው አውሮፕላን ነው፤ ቦሌ የሚያርፈው ሁሉ ጣሪያችንን ሊነካ ምንም አይቀረው። ውኃ ከተባለ የክረምት ጎርፍ ነው። ወላጆቻችን ባሕር ሲያምራቸው ምጽዋ ይወርዱ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ግን ያም ቀረ። ስለዚህ መርከብና ፍቅር አንድ ላይ ሲጠራ ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው «ታይታኒክ» ፊልም ነው።

ሁላችንም ያለቀስነው ለልጁና ለልጅቷ ነው አይደል? እውነተኛዋ መርከብ በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. ስትሰጥም የጫነችው ከ2,200 ሰው በላይ ነበር። የነፍስ አድን ጀልባዎቿ የሚበቁት ግን ለ1,178 ሰው ብቻ ነው። ወደ 1,500 ሰው አለቀ። እና ከዚህ ምን እንማራለን? መርከብ ስለ ገዘፈ ብቻ አይታመንም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ክፉ ቀን ቢመጣ ለእያንዳንዳችን የሚሆን ነገር አለ ወይ?» የሚለው ነው።

አሁን ወደ ምርጫችን እንግባ።

ታንኳ። የጣና የደንገል ታንኳ እንዳትናቅ። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለ ኖርዌያዊ ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለች ጀልባ አሠርቶ ውቅያኖስ ላይ ወጣ። ሳትደርስ ተፈረካከሰች። አልተወም፤ በዓመቱ «ራ ሁለት»ን አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሣና በ57 ቀን አትላንቲክን አቋርጦ ባርቤዶስ ገባ። የአገራችን ደንገል እንዲህ ነው! ነገር ግን ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ እየዋለ እያደረ ይከብዳል። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከውኃው በላይ ሳይሆን ከውኃው ጋር ነው የተቀመጠው። ልብስሽ ይርሳል። ልጅነቱን ታንኳ ላይ ላሳለፈ የጣና ሰው መንገዱ ነው፤ ላንቺ ግን ከዳር ቆሞ ፎቶ ማንሻ ብቻ ይሁን።

ባለ ጥላ ሞተር ጀልባ። ባሕር ዳር ላይ አብዛኛው እንግዳ የሚሳፈረው በዚህ ነው። መቀመጫ አለው፣ ፀሐይ መከላከያ አለው፣ ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፤ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ መመለሻውንም ጨምሩበት። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻ ነው። ደግሞ ለሙሽሮች የሚሆን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይህን ሳትጠይቁ ከሄዳችሁ ሙሽራው ሊሳለም ይወጣል፣ ሙሽሪት ከጀልባ ነጂው ጋር ትተያያለች። እንጦስ ኢየሱስ፣ ናርጋ ሥላሴና የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁለቱም ክፍት ናቸው።

ፈጣን ጀልባ። ወንዶች የምንወደው ይህን ነው። ጊዜ ይቆጥባል። ማዕበል ካለ ግን ውኃውን እየዘለለ ይመታዋል፤ የሚመታው ደግሞ ጀልባው ብቻ ሳይሆን ወገብም ጭምር ነው። ውኃ ለሚፈራ ሰው ጨርሶ አይሆንም።

ትልቁ ጀልባ። የጣና ሰው «መርከብ» ይለዋል። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በየወደቡ እየቆመ፣ መንገድ ላይ እያደረ፣ ሰውና እህል ጭኖ ይሄድ የነበረው ዓይነት ነው። ከሁሉም ያነሰ የሚወዛወዝ እሱ ነው፤ ግን ዝግ ይላል፣ ሲፈልግም ይቀራል። በ2017 ዓ.ም. ክረምት «ጣናነሽ ሁለት» ከጅቡቲ ተጭና በአስፋልት ስትጓዝ ሕዝቡ ወጥቶ እንዴት እንዳያት ታስታውሳላችሁ። ጀልባ በመኪና ሲሄድ ማየትም ለኛ አገር ሽርሽር ነው!

የጣናን ነገር ካነሣን አይቀር፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ጉዞው እንደ ድሮው «ተነሥ እንሂድ» አይደለም። እዚያው ያለ ሰው ስለ ሰላሙ ሳትጠይቁ ትኬት አትቁረጡ።

የጫሞው ጀልባ። አርባ ምንጭ ድረስ ወርዶ «አዞ ገበያ»ን ማየት የሚያስቀና ነገር ነው። ግን ስሙ ራሱ ይናገራል። አዞው ፀሐይ ይሞቃል፣ ጉማሬው ከሥር ብቅ ይላል። ሰፊና ጠንካራ ጀልባ፣ ቦታውን የሚያውቅ ነጂ ካልሆነ አይሞከርም። እህቴ፣ ይኼ ላንቺ የመጨረሻው ምርጫ ነው።

በእግር የሚዘወረው የቢሾፍቱ ጀልባ። ቅርብ ነው፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። መጫወቻ ይመስላል። ነገር ግን እንዳትሸወዱ! ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያቺ ትንሽ የምትመስል ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ትወርዳለች። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። በእርግጥ ለማይዋኝ ሰው ሁለት ሜትርም ስድሳ ሜትርም አንድ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ሦስት ነገር አትርሱ። በጠዋት ውጡ፤ ሐይቆቻችን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣባቸዋል። ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ ካልተቆጠረ አትሳፈሩ። እግራችሁን ውኃው ውስጥ አትንከሩ፤ ጣናም ሆነ ዝዋይ ቢልሃርዝያ አለባቸው።

የጀልባው ነገር ይኸው ነው። አሁን ወደ ጥርሱ ልምጣ። ለዚህ ግን የራሴን ጉድ ማውጣት አለብኝ።

ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ከአንዲት የሐዋሳ ልጅ ጋር ነበርኩ። ከጓደኛዬና ከሱ ልጅ ጋር አራት ሆነን ዝዋይ ሄድን። ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ለመሻገር ሁለት ምርጫ ቀረበልን። አንዱ ባለ ጥላ፣ ላይፍ ጃኬት የተሟላለት። ሌላው ጥላ የሌለው የእንጨት ጀልባ፣ ዋጋው ግማሽ። እኔ «ተፈጥሮ ማለት ይኼ ነው!» ብዬ እንጨቱን መረጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? የመረጠው ኪሴ ነው።

ነጂው ሁለት ላይፍ ጃኬት አወጣና «ዋና የማይችል አለ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ በሕይወቴ ከባልዲ የሰፋ ውኃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ግን እሷ እያየችኝ ነው። «ለሴቶቹ ስጣቸው» አልኩ። ጀግና!

ስንሄድ ሐይቁ መስታወት ነበር። ደሴቷ ላይ ስንጫወት ቆየንና ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነፋሱ ተነሣ። መሀል ላይ ስንደርስ ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አለና ዝም አለ። ማዕበሉ በጎን እየመታን ውኃው ጉልበታችን ላይ ይደፋ ጀመር። ነጂው የሞተሩን ገመድ ይስባል፣ ይስባል... እኔ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጄ አንቄ ይዣለሁ። እናቴን የተጣራሁ ይመስለኛል። ይኼኔ ያቺ የሐዋሳ ልጅ ጃኬቷን አወለቀች፣ እኔ ላይ አጠለቀችው፣ እንደ ሕፃን አሰረችልኝ። ለካ ሐይቅ ዳር ያደገች፣ ዓሣ ናት!

ሞተሩ ተነሣና በሰላም ደረስን። መሬት ከረገጥን በኋላ «ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። በሳቅ ላልፈው ሞከርኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ጀልባው ቢገለበጥ ኖሮ፣ አንተ ትዋኛለህ ብዬ መጀመሪያ የምዋኘው ወደ ሌሎቹ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር እንኳ አልቆየንም። ስለፈራሁ አልተወችኝም። አንድ ነገር በነገርኳት ቁጥር «ይኼስ እውነት ነው?» በሚል ዓይን ታየኝ ጀመር። እኔም ያንን ዓይን አልቻልኩትም።

እህቴ፣ የኔ ውሸት ጉራ ነው፤ ያንቺው ሐዘን ነው። ሁለቱን አላመሳስላቸውም። ጀልባው ላይ ሲደርስ ግን አንድ ይሆናሉ፤ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው መጀመሪያ መያዝ ያለበት አንቺን መሆኑን አያውቅም። ጥርስሽን ነክሰሽ ብትሄጂ እሱ የሚያየው ዝም ያለች፣ የተኮሳተረች ሙሽራ ነው። «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ጫጉላችሁ በዚህ ይጀመራል።

ስለዚህ ትኬት ሳይቆረጥ ንገሪው። ጓደኞቹ ባሉበት አይሁን፣ በስልክም አይሁን። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ «ወንድሜ በሕመም አልሞተም» ብለሽ ጀምሪ፤ የቀረው ራሱ ይመጣል። ስለዋሸሽው ቅር ቢለው አትፍረጂበት፤ አንድ ሁለት ቀን ስጪው። «ግዴለም፣ አንዴ ስትወጪ ይለቅሻል» ካለሽ ግን እሺ እንዳትይው። ፍርሃት በግፊያ አይለቅም። ዝም ብሎ ሰምቶሽ «ወንድምሽ ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ከጠየቀሽ ደግሞ ጀልባውም ይቅር፤ ሰውየውን አግኝተሻል።

ለጫጉላው የኔ ምክር ሐዋሳ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር በእግራችሁ ሂዱ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ብሉ፣ ውኃውን ከዳር ሆናችሁ እዩት። ልብሽ ከፈቀደ ብቻ፣ በጠዋት፣ ሰፋ ያለ ባለ ጥላ ጀልባ፣ ጃኬትሽን አጥብቀሽ፣ ከዳር ሳትርቁ አሥር ደቂቃ። «እንመለስ» ስትዪ ያለ ምንም ጥያቄ እንዲመለስ ቀድማችሁ ተስማሙ። ልብሽ ካልፈቀደ ደግሞ አትውጪ። ጀልባ ያላየ ትዳር ሞልቷል፤ ደህና ነው።

እናንተም ወዳጆቼ፣ ጀልባ ስትመርጡ ለፎቶው አትምረጡ፣ ለጀግናውም አትምረጡ። ከመሀላችሁ በጣም የሚፈራው ማን እንደሆነ ጠይቁና ለሱ የሚሆነውን ተሳፈሩ። ያን ጊዜ ጀግናውም በሰላም ይገባል።

እኔ? ዛሬም ዋና አልችልም። ነጂው «ዋና የማይችል አለ?» ሲል ግን መጀመሪያ የሚነሣው እጅ የኔ ነው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!