የሰማይዋን ላም ማን ያልባታል?

ሰው በእጁ ያላስገባውን ነገር አስቀድሞ በሐሳቡ ሲሠራ የኖረ ፍጡር ነው። ቤት በድንጋይና በእንጨት ከመቆሙ በፊት በአናጢው ልብ ውስጥ ይቆማል፤ ማሳም በሞፈርና በቀንበር ከመታረሱ በፊት በገበሬው ሐሳብ ይታረሳል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ደፈር ያለው ግን አንድ ሙሉ አገርን፣ ያውም ሀብታም አገርን፣ ከምንም ተነሥቶ በሐሳብ መፍጠር ነው። በየዘመኑ የተነሡ ደራስያን ይህን ሞክረዋል። ዛሬም በየትምህርት ቤቱ በደብተር ጀርባ የሚሞክሩት ብዙዎች ናቸው። በእኛ በ12ኛ ክፍል ውስጥ እንኳ የራሱ ካርታ፣ የራሱ ሰንደቅ ዓላማና የራሱ ገንዘብ ያለው አገር የፈጠሩ ጓደኞች አሉን።

ታላላቆቻችን ይህን ሲያዩ «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ምሳሌ ይጠቅሱብናል። ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን በእኔ አስተያየት ጥፋቱ ላሚቱ በሰማይ መሆኗ አይደለም። ጥፋቱ ስለ እርስዋ የሚያወራው ሰው ምን እንደምትበላ፣ ማን እንደሚያልባትና ወተቷን ማን እንደሚጠጣው አለመጠየቁ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ከተጠየቁ፣ ሀብታም አገርን በሐሳብ መፍጠር ከንቱ ምኞት መሆኑ ይቀርና ማለፊያ ትምህርት ይሆናል። ለዚህም ከታሪክና ከመጻሕፍት ጥቂት ማስረጃዎችን አቀርባለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።)

በሐሳብ ከተፈጠሩት ሀብታም አገሮች ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ኤውሮፓውያን ፕሬስተር ጆን ይሉት የነበረው የካህኑ ንጉሥ የዮሐንስ መንግሥት ነው። በ1165 ገደማ በዚህ ንጉሥ ስም የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ለቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል ተላከ ተብሎ በኤውሮፓ ተሰራጨ። ደብዳቤው ልብ ወለድ ነበር። በዚያ አገር የከበረ ድንጋይ የሚያወጣ ወንዝ ከገነት ይወርዳል፤ የንጉሡ ማዕድ ከመረግድ የተሠራ ሲሆን በየቀኑ 30,000 ሰው ይበላበታል፤ ደኻ፣ ሌባና ውሸታም በአገሩ ፈጽሞ አይገኝም ይላል። ነገሩ እውነት መስሎ ስለ ታየ የሮማው ፓፓ አሌክሳንደር 3ኛ በ1177 ለዚሁ ንጉሥ ደብዳቤ ጻፉ። ኤውሮፓውያን አገሩን በመጀመሪያ በእስያ ፈለጉት። በእስያ ባጡት ጊዜ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ስሙን ወደ ኢትዮጵያ አዛወሩት።

እንግዲህ በዚያ ማዕድ ላይ የሚቀርበውን እህል ማን እንዳረሰው ደብዳቤው አይናገርም። ለ30,000 ሰው በየቀኑ እንጀራ የሚጋግር፣ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ ስንት ሰው ያስፈልጋል? ጸሐፊው ስለ መረግዱ ብዙ ተናገረ፤ ስለ ጋጋሪዎቹ ግን ረሳ።

በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ግዛት ደረሱ። ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እስከ 1526 ድረስ በአገራችን ቆይቶ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ታተመ። በርእሱ የካህኑን የዮሐንስን ስም ቢይዝም በውስጡ የሚገኘው አገር ከደብዳቤው የተለየ ነው። አንበጣ ያጠፋው እህል አለ፤ አስቸጋሪ መንገድ አለ፤ ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ገንዘብ ሆኖ የሚያገለግል ጨውም አለ። ጨዉ ከሚወጣበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር አልቫሬዝ በሚገባ አስተውሏል።

ይህ የጨው ገንዘብ እኛ አሞሌ የምንለው ነው። ወላጆቻችን ታሪኩን ከአያቶቻቸው ሰምተው ይሆናል። አሞሌ በአፋር ረባዳ ምድር፣ ብርቱ ሙቀት ባለበት ሜዳ፣ በመጥረቢያ እየተፈነቀለና እየተጠረበ ይወጣል፤ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ገደሉን ወጥቶ ወደ ደጋው ይገባል። በሜዳው ላይ ርካሽ ነው። ትግራይ ሲደርስ ይወደዳል፤ ሸዋና ጎጃም ሲደርስ ከዚያ ይበልጥ ይወደዳል። የጨዉ ጣዕም በመንገድ አልተለወጠም። የተጨመረበት የጠራቢው ላብ፣ የግመሉ ድካም፣ የነጋዴው ጭንቀትና በየኬላው የተከፈለው ቀረጥ ነው። ስለዚህ አንድ አሞሌ ጨው በውስጡ ረጅም መንገድና ብዙ ሰው ይዟል ማለት ይቻላል። በእኔ ዓይን ከመረግዱ ማዕድ ይልቅ ይህ አሞሌ ለደራሲ የተሻለ መነሻ ነው። ምክንያቱም ሀብት ከየት ተነሥቶ በማን ትከሻ ላይ እንደሚጓዝ ያሳያል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ በሀብታሙ አገር ውስጥ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ማን ነው የሚል ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር በ1516 ባሳተመው መጽሐፍ ዩቶፒያ የምትባል ደሴት ፈጠረ። ሞር ከብዙዎቹ ይልቅ አስቦበታል። በደሴቲቱ ሁሉም ሰው እርሻ ይማራል፤ በቀን 6 ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ ወርቅም ከመናቁ የተነሣ የሽንት ዕቃ ይሠራበታል። ይህን ስናነብ ደስ ይለናል። ነገር ግን ወደ ውስጥ ገብተን ስንመረምር ከብት የሚያርዱትና ቆሻሻውን ሥራ የሚሠሩት ባሮች ሆነው ይገኛሉ፤ የታሰሩበትም ሰንሰለት ከዚያው ከተናቀው ወርቅ የተሠራ ነው። ያን ያህል አዋቂ የነበረ ሰው እንኳ እጅ የሚያቆሽሸውን ሥራ ለነጻ ሰው ማከፋፈል አቃተው።

በሐሳብ ዓለም የተረሳው ነገር በእውነተኛው ዓለም ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ የፖቶሲን ተራራ መመልከት ይበቃል። በዛሬይቱ ቦሊቪያ በሚገኘው በዚህ ተራራ በ1545 ብዙ ብር ተገኘ፤ የእስፓኝ መንግሥትም ከዓለም ሀብታም የሆነ መሰለው። የአገሬው ሕዝብ በየተራው በግዴታ እየተያዘ ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ ይገባ ነበር፤ በዚያም ብዙ ሰው አለቀ። ያ ሁሉ ብር ወደ እስፓኝ ቢጎርፍም በጦርነትና በዕዳ ስላለቀ ንጉሡ ፊልጶስ 2ኛ በ1557፣ በ1575ና በ1596 ዕዳውን መክፈል አቃተው። ከመሬት የወጣ ሀብት ብቻውን አገርን ሀብታም እንደማያደርግ ከዚህ የበለጠ አስረጂ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ምንጩ የደረቀ ዕለት ምን ይሆናል የሚል ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ናውሩ የምትባል 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች ደሴት አለች። መሬትዋ ለማዳበሪያ በሚሆን ፎስፌት የተሞላ ነበር። በ1968 ነጻነትዋን ካገኘች በኋላ በ1970ዎቹ ዓመታት ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሲካፈል ገቢዋ ከዓለም ከፍተኞቹ መካከል ሆነ። ልብ ወለድ የሚመስል ኑሮ ነበር። ነገር ግን ፎስፌቱ እየተቆፈረ በአመዛኙ አለቀ፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠውም ገንዘብ ባልሆነ ንግድ ባከነ፤ የደሴቲቱ መካከል እህል የማያበቅል የድንጋይ ሹል ሆኖ ቀረ። ኖርዌይ ግን በ1969 ትልቅ የነዳጅ ዘይት ምንጭ በባሕርዋ ውስጥ ካገኘች በኋላ፣ ገንዘቡ ለሚመጣው ትውልድ የሚቀመጥበትን መዝገብ በ1990 በሕግ አቋቋመች። የሁለቱም ሀብት የተገኘው ከመሬትና ከባሕር በታች ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው ከአስተዳደራቸው ነው። ሀብታም አገር የሚፈጥር ደራሲም ስለ ማዕድኑ ከሚጽፈው እኩል ስለ መዝገብ ቤቱ መጻፍ አለበት።

አራተኛው ጥያቄ ስለ ጎረቤት ነው። በ1966 ስታን ሊና ጃክ ከርቢ የተባሉ አሜሪካውያን በሥዕል መጽሔት ውስጥ ዋካንዳ የምትባል አፍሪካዊት አገር ፈጠሩ፤ በ2018 በወጣው «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም ብዙዎቻችን አውቀናታል። ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተገኘ ቫይብራኒየም የሚባል ብረት አላት፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ራሷን የደኻ እረኞችና የገበሬዎች አገር አስመስላ ሀብቷን ከዓለም ሰውራ ትኖራለች። ጓደኞቻችን የሚያደንቁት ልብሱን፣ መንኮራኩሩንና ጦርነቱን ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማደንቀው በፊልሙ ውስጥ የተነሣውን ክርክር ነው። ወንድሞቻችሁ በውጭ ሲባረሩና ሲገደሉ እናንተ በር ዘግታችሁ እንዴት ትበላላችሁ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄውን የሚያነሣው ጠላት ነው፤ መንገዱም የደም መንገድ ነው፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ በመሆኑ ንጉሡ በመጨረሻ በሩን ይከፍታል። ፊልሙን ከተራ የጀግና ታሪክ ከፍ ያደረገው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ጓደኞቼ ከፈጠሯቸው አገሮች ያነበብኩት ጥቂት አይደለም። መንገዱ መስተዋት ነው፤ ባቡሩ በአየር ላይ ይሄዳል፤ ፎቁ ደመናን ይነካል። ነገር ግን መንገዱን የሚጠርግ፣ የፎቁን መስኮት የሚወለውል፣ የታመመ የሚያስታምም አንድ ሰው እንኳ አላጋጠመኝም። አንዳንዱ ሰው ይህ ጨዋታ ስለ ሆነ ምን ጉዳት አለው ይል ይሆናል። ጉዳት አለው። ሥዕሉ በደብተር ላይ ብቻ አይቀርምና።

«ዐረብ አገር» የሚለው ቃል በብዙ ቤት ሲነሣ በወጣቶች ልብ ውስጥ የሚሣለው ከዚሁ የማይለይ ነው፤ ፎቅ፣ መኪና፣ ወርቅ፣ ቀዝቃዛ አየር። ከሥዕሉ የጎደለ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ፎቁን የሚገነባው፣ ሕፃኑን የምታሳድገው፣ ሌሊት ተነሥታ የምታበስለው ሠራተኛ ነው። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ባሕሩን ተሻግረው ሲደርሱ ያ የጎደለው ሰው ራሳቸው ሆነው ያገኙታል። ብዙዎቹ በላባቸው ቤተ ሰብ ረድተዋል፣ ታናናሾቻቸውን አስተምረዋል፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን በ2013 መጨረሻ ሳውዲ ዐረብያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት በጀመረች ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው መመለሳቸውን መርሳት አይገባም። ሀብታም አገር ሲባል «በዚያ የእኔ ቦታ የት ነው? መብቴን የሚጠብቅልኝ ሕግ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን በልብ ወለድ የለመደ ወጣት፣ የደላላ ወሬ በቀላሉ አያታልለውም ብዬ አምናለሁ።

እርግጥ ነው፣ ልብ ወለድ የሒሳብ መዝገብ እንዲሆን የሚፈልግ የለም። አንባቢ የሚጓጓው ለሰው ታሪክ እንጂ ለቀረጥ ዝርዝር አይደለም። ነገር ግን የሰው ታሪክ የሚገኘው በእነዚሁ ጥያቄዎች ውስጥ ነው። በወርቅ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሁሉ ነገር የሞላለት ልዑል ምን ታሪክ አለው? ለቤተ መንግሥቱ ጨው የሚያመጣው ባለ ግመል ግን በረሃ አለበት፣ ሽፍታ አለበት፣ ቤት የሚጠብቁት ልጆች አሉት። የእርሱ አንድ ቀን መንገድ ከልዑሉ ዓመት ይልቅ ታሪክ ይሆናል።

ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። አገራችሁን መፍጠራችሁን አትተዉ። ካርታውን ስትሥሉ ግን ከቤተ መንግሥቱ በፊት እርሻውን፣ ወንዙንና የንግዱን መንገድ ሣሉ። ገንዘቡን ስታትሙ ለቀን ሠራተኛው ስንት እንደሚከፈለው ወስኑ። ዝናብ ያጣ አንድ ዓመት ጨምሩበትና ሕዝባችሁ እንዴት እንደሚያልፈው ተመልከቱ። መምህሮቻችንም በድርሰት ክፍለ ጊዜ እንደዚህ ያለውን ሥራ ቢሰጡን፣ የጂኦግራፊውና የታሪኩ ትምህርት በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኙ ነበር። ወላጆቻችንም በደብተር ጀርባ ካርታ ቢያገኙ ልጄ ጊዜውን አባከነ ብለው ከመቈጣታቸው በፊት «በዚህ አገር ወፍጮው የት ነው?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው እየተማረ ነው፤ መልስ ከሌለውም ጥያቄው ሊያስተምረው ይችላል።

ነገ እውነተኛውን አገር የምንረከብ እኛው ነን። በወረቀት ላይ እንኳ ጋጋሪዋን፣ ጠራቢውንና ባለ ግመሉን የረሳ ሰው፣ ሥልጣን ይዞ በጀት በሚመድብበት ቀን ያስታውሳቸዋል ብዬ ተስፋ ለማድረግ ይከብደኛል።