ያልተፈተለ ጥጥ አይሰደብም

የአርባ ምንጭ ረጃጅም የቅርጫት ኳስ ልጆች ትልቅ ደረጃ ያልደረሱት በስንፍና ነው የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ አንድ ነው፦ የነጥብ ሰሌዳ። ሰሌዳው ግን ልጁ ምን እንዳልተማረ አይናገርም።

ረጅም ልጅ ከመጀመሪያው ቀን «አንተ ቅርጫቱ ሥር ቁም» ይባላል። ኳስ ማንጠር፣ የእግር አጣጣል፣ በግራ እጅ መጨረስ የሚያሳየው የለም። በ20 ዓመቱ ተከላካይ ሲጠጋው ኳሷን ይነጠቃል፤ እኛም ሰነፍ እንለዋለን።

ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድ ቅርጫት ኳስን የጀመረው ከቮሊቦል መጥቶ በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ቁመቱን አሰልጣኝ አልሰጠውም፤ አጠቃቀሙን ግን አሰልጣኞች አስተማሩት።

ልፋት አያስፈልግም አልልም። ከልምምድ የሚቀረውን ውቀሱት። ለሌላው ግን ጉድለቱን ለይቶ በየቀኑ የሚያርመው አሰልጣኝ ለአንድ ዓመት ስጡትና ካልተለወጠ ያኔ ፍረዱ።

ከከተማችን በላይ ዶርዜ ላይ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። «ጋቢ አልሆነም» ተብሎ ሳይፈተል የሚሰደብ ጥጥ ግን እዚያ የለም።