ያረጀው የጌም ኮምፒዩተር ሁለንተናው አርጅቷልን?

ጌም የሚወዱ ወጣቶች ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት የገዟቸው ኮምፒዩተሮች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። አዲስ የወጣ ጨዋታ ሲከፈትባቸው ምስሉ ይቆራረጣል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ባለቤቱም ወደ ሱቅ ሄዶ ምክር ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ይኸ አርጅቷል፤ ሙሉውን ቀይረው» ይሉታል። መሸጥ የሻጭ ሥራው ስለ ሆነ በዚህ አንቀየመውም። ነገር ግን ምክሩ ለገዢው የሚበጅ መሆን አለመሆኑን መመርመር ተገቢ ይመስለናል።

ነገሩ የገንዘብ ነገር ነውና እንዲያው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የኮምፒዩተር ዕቃ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ለሙሉ ኮምፒዩተር ይበቃ የነበረው ቁጠባ ለግማሹ እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። ጨዋታ ሥራ ያስፈታል የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ዛሬ ከእነርሱ ጋር አንከራከርም። ዳሩ ግን ማታ ጌም የሚጫወቱበት ዕቃ ቀን የሕንፃ ንድፍ የሚነደፍበት፣ ፊልም የሚቀናበርበት እንደሚሆን ቢያስቡልን ደስ ይለናል።

ምሰሶውና ማገሩ ደኅና የሆነ ቤት ክዳኑ ስላረጀ አይፈርስም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ የብዙ ክፍሎች ስብስብ ነው፤ ክፍሎቹም እኩል አያረጁም። ኬዙ፣ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ደኅና የሆነ ኤስ ኤስ ዲ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ከዘመኑ ጨዋታ ጋር መራመድ የሚያቅታቸው በተለይ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ናቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ደከመ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የጨዋታውን የምስል ጥራት ዝቅ አድርጎ ያንኑ ቦታ ደግሞ መጫወት ነው። በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት ከጨመረ ጫናው የነበረው በካርዱ ላይ ነው፤ ካልጨመረ ግን ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ይህን ሳይመረምሩ ውድ ካርድ ገዝተው ለውጥ ያጡ ብዙዎች ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ2009 ዓ.ም. ኤ ኤም ዲ ራይዘን 5 1600 የተባለውን ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር አውጥቶ ነበር። ይህን በቢ 350 ማዘርቦርድ ላይ ከ16 ጊጋባይት ራምና በ2008 ዓ.ም. ከወጣው የኤንቪዲያ ጂ ቲ ኤክስ 1060 ጋር አጣምሮ የያዘ ሰው ዛሬ ምን ያድርግ? ማዘርቦርዱን መንካት የለበትም። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ራይዘን 5 5600 በዚያው ሶኬት ላይ ይገባል። ሁለቱም 65 ዋት ስለ ሆኑ የቀድሞው ማቀዝቀዣ ለአዲሱም ይበቃል፤ በመካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ብቻ ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። ሌላም ጥቅም አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ 1600 ለዊንዶውስ 11 ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ 5600 ግን አለ።

ካርዱም ቢሆን አዲሱ ሁልጊዜ ብዙ መብራት ይበላል ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አር ቲ ኤክስ 4060 የሚወስደው 115 ዋት ሲሆን አሮጌው 1060 ደግሞ 120 ዋት ይወስድ ነበር።

ራሙን በሚመለከት ብዙ መናገር አያሻም፤ አይጣል። የአሮጌው ዲ ዲ አር 4 በአዲሶቹ የዲ ዲ አር 5 ማዘርቦርዶች ላይ አይገባምና ማዘርቦርድ የቀየረ ሰው ራምም ለመግዛት ይገደዳል። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ራሙን ስለ ተሻሙበት ዋጋው በዓለም ገበያ እጅግ ንሯል።

ሁሉም ሰው ግን ይህ ዕድል አለው አንልም። ኢንቴል ሰባተኛውን ትውልድ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. አቅርቦ፣ ስምንተኛውን በመስከረም 2010 ዓ.ም. ሲያወጣ የሶኬቱ ቀዳዳ ብዛት ያው ሆኖ ሳለ አሮጌው ማዘርቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር እንዳይቀበል አድርጎታል። የሰባተኛው ትውልድ ባለቤት አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ከፈለገ ማዘርቦርዱንም መለወጥ ግድ ይሆንበታል፤ የመረጠው ማዘርቦርድ የዲ ዲ አር 5 ከሆነ ራሙንም ይለውጣል። ለእርሱ የሱቁ ሰው ምክር ከግማሽ በላይ እውነት ነው። እንዲህም ሆኖ ኬዙንና ኤስ ኤስ ዲውን ማስቀረት ይችላል።

ቁጠባ አጥብቀን የምንቃወምበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ፓወር ሰፕላይ ነው። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ፤ መብራት እየሄደ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ድካሙ ይብሳል። ከተበላሸ ብቻውን ላይሞት ይችላል፤ አዲሱንም ካርድ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የሠሪው ስም የማይታወቅና በጎኑ 600 ዋት ተብሎ የተጻፈበትን ቀላል ሣጥን ማመን አይገባም። ኬብላቸው የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች ሲሆኑ ደግሞ የአሮጌውን ኬብል በአዲሱ ላይ መሰካት ክልክል ነው፤ የእያንዳንዱ ሠሪ የሽቦ አሰላለፍ ይለያያልና መሰኪያው ልክክ ብሎ ገብቶ ዲስኩን ሊያቃጥል ይችላል።

የሥራው ቅደም ተከተልም ይጠበቅ። የማዘርቦርዱ ባዮስ የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነሣ ነው፤ አለዚያ አዲሱን አያውቀውምና ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። በዚያን ጊዜ ለመሥራት የቀድሞውን መልሶ ማስገባት ሊያስፈልግ ነው። የተነሡትን ፕሮሰሰርና ካርድ ለቆራሌ መስጠት አይገባም፤ ከዚያ ያነሰ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ በደስታ ይገዛቸዋል፤ የአዲሶቹንም ወጪ በመጠኑ ያቃልላሉ። የሸመገለውን ፓወር ሰፕላይ ግን ለማንም ባንሸጠው እንመርጣለን።