መመሳሰልም ይመርመር

ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከአምቦ ወደ ሕንድ የሚሄድ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስተውለው እንግዳ የሆነበትን ነው፤ የከተማውን ግፊያ፣ ሙቀቱን፣ የባቡር ጣቢያውን ትርምስ። ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የሚያውቀው የመሰለው ነገር ነው።

በአምቦና በጉደር «ባጃጅ» የሚባለው ተሽከርካሪ በዚያ «ኦቶ» ይባላል፤ ይህ በአንድ ቃል ይታረማል። «ቬጅ» የተባለውን ምግብ የጾም ነው ብሎ ለሚመገብ ኦርቶዶክሳዊ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ሥጋ ባይገባበትም ወተትና ቅቤ ሊኖርበት ይችላልና።

ጉዳዩ ለተመራማሪ ከገበታም ያልፋል። የደካን አምባ ጥቁር አፈር ከጊንጪ መረሬ ጋር ይመሳሰላል። በሃይደራባድ አቅራቢያ የሚገኘው ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋም ለዚህ ዓይነት አፈር ሰፋፊ መደብና የውኃ ማጠንፈፊያ ቦይ የሚያወጣ አሠራር አዳብሯል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ መረሬ አፈር ላይ ሲሞከር የተወሰደው ሐሳቡ ነው፤ መደብ ማውጫው ግን ሁለት የአገር ማረሻዎችን በማጣመር ለገበሬው አቅምና ለበሬዎቹ ጉልበት በሚስማማ መልክ ተሠራ።

ከሕንድ የሚመለሱ ምሩቃን መጠይቅም ሆነ የአመራረት ዘዴ ይዘው ሲመጡ ይህን አርአያ ሊከተሉ ይገባል። ልዩነት ራሱ ጥያቄ ያስነሣል፤ መመሳሰል ግን ሳይመረመር ይታለፋል። ሳይመረመር የታለፈው ነገር በስተመጨረሻ ዋጋ የሚያስከፍለው ተመራማሪውን ሳይሆን የምዕራብ ሸዋን ገበሬ ነው።